የድባቴ ልየታ በክትትል ክፍል፦ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሊጠየቁት የሚገባው ጥያቄ

ዱከም፦ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ ሕክምና ክትትል ያለው ሰው በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ካርዱ ይወጣል፤ ክብደቱ ይመዘናል፤ ግፊቱ ይለካል፤ መድኃኒቱ ይታደሳል። ስለ እግሩ፣ ስለ ዐይኑ፣ ስለ ሳሉ ይጠየቃል። «አባቴ፣ ልብዎስ እንዴት ከርሟል? ሥራው፣ ቤቱ፣ ጨዋታው ያስደስትዎታል?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ ግን ብዙ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ ለምን በክትትል ክፍል ውስጥ ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚጠየቅና ከተጠየቀ በኋላ ምን መከተል እንዳለበት ያብራራል።

ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአዳማ መንገድ ላይ የምትገኘው ዱከም ሁለት ዓይነት ኑሮ በአንድ ላይ ይኖርባታል። በአንድ ወገን የአድአ ጥቁር አፈር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚያበቅል አርሶ አደር አለ። በሌላ ወገን በምሥራቅ የኢንዱስትሪ ዞንና በመንገዱ ዳር በሚገኙ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራ ወጣት አለ። ሁለቱም ታመው ክትትል ሲጀምሩ የሚገጥማቸው ፈተና ይመሳሰላል፤ ቀጠሮው ከሥራ ቀን ጋር ይጋጫል፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ይከብዳል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ለወራት ወይም ለዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። በዚህ መሀል ድባቴ ሲጨመር ሕክምናው ራሱ ሊቋረጥ ይችላል።

ልየታ ምንድን ነው?

ልየታ ማለት «አሞኛል» ብለው ያልመጡ ሰዎችን በአጭር መጠይቅ እያዩ፣ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን መለየት ነው። ልየታ የመጨረሻ ውሳኔ አይሰጥም። የስንዴ ማሳ ያለው አርሶ አደር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ዋግ ማሳውን ሳያለብሰው በፊት በየጊዜው በመስመሮቹ መካከል ተዘዋውሮ ቅጠል መመልከት ልየታ ነው። ቅጠል ላይ የታየ ነጥብ ሁሉ ዋግ አይሆንም፤ ባለሙያ ቀርቦ ሊያረጋግጠው ይገባል። ዋግ ሆኖ ከተገኘም መድኃኒቱ በእጅ ከሌለ አሰሳው ብቻውን ሰብሉን አያድነውም። በአእምሮ ጤና ልየታም እነዚህ ሦስት ደረጃዎች፣ ማለትም ማየት፣ ማረጋገጥና ማከም፣ ሊነጣጠሉ አይገባም።

ድባቴ የሚባለው ደግሞ የአንድ ቀን ኀዘን ወይም ብስጭት አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ የከፋ ስሜት ወይም ቀድሞ ያስደስት የነበረ ነገር ሁሉ መሰልቸት ሲኖር፣ ከዚያም ጋር የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠርና ሞትን መመኘት ሲደራረቡ፣ የዕለት ሥራም ሲስተጓጎል ነው። ሊታከም የሚችል ሕመም ነው።

ሁለቱ ሕመሞች እንዴት ይመጋገባሉ?

ሥር የሰደደ ሕመምና ድባቴ በሁለት አቅጣጫ ይተሳሰራሉ። ሕመሙ ሰውን ያደክማል፣ ገቢውን ይቀንሳል፣ ከማኅበርና ከዕድር ያርቀዋል፣ ስለ ነገ ያስጨንቀዋል። ይህ ለድባቴ በር ይከፍታል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ከሌለባቸው ይልቅ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑ በተደጋጋሚ ተጠንቷል።

በሌላ አቅጣጫ ድባቴ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለመዋጥ፣ ምግቡን ለመምረጥ፣ በእግሩ ለመንቀሳቀስ፣ ቀጠሮውን ለማክበር አቅም ያጣል። መጠጥና ጫት ሊያበዛም ይችላል። ውጤቱ በግፊት መለኪያውና በስኳር መመርመሪያው ላይ ይታያል። ባለሙያው ቁጥሩ አልወርድ ሲለው የመድኃኒቱን መጠን ይጨምራል፤ ታማሚው ግን መድኃኒቱን ከነጭራሹ እየዋጠው ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከባድ ነው። ቀጠሮ የቀረ ሰው በካርዱ ላይ «ክትትሉን የማያከብር» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሲመለስም ተግሣጽ ይጠብቀዋል። በሐምሌ ጤፍ ሲዘራ ወይም በኅዳር ሰብል ሲሰበሰብ የቀረ አርሶ አደር ምክንያቱ ሥራ ሊሆን ይችላል። በዝራትም ሆነ በአጨዳ ከቤቱ ያልወጣ፣ ማሳውን ለጎረቤት የተወ፣ ከሰው የሸሸ አርሶ አደር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ሁለቱን የሚለየው ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

ከሶዶ ወረዳ የተገኘው ትምህርት

የአእምሮ ሕክምናን ከትላልቅ ሆስፒታሎች አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ሥራ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ለረጅም ዘመን አገልግሎቱ በአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ የተሰባሰበ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ኤም ኤች ጋፕ የተሰኘውን፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ የሚያስችል መርሐ ግብር ይፋ አደረገ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚቆይ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥቶ አገልግሎቱን ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ጋር የማዋሐድ አቅጣጫ አስቀመጠ።

ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ «ፕራይም» በተባለው የአምስት አገሮች የምርምር መርሐ ግብር ውስጥ ኢትዮጵያ ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከኡጋንዳ ጋር ተሳትፋለች። በአገራችን የተመረጠው ቦታ በጉራጌ የሚገኘው የሶዶ ወረዳ ሲሆን፣ ሥራውን የመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው አገልግሎቱን ጀመሩ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በቅርባቸው ሕክምና አገኙ። ድባቴን የመለየቱ ሥራ ግን ከሥልጠናም በኋላ ዝቅተኛ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ድባቴ ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ «ድባቴ አለብኝ» አይልም። «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጥመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ባለሙያው ለጨጓራው መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኘዋል። የሶዶ ልምድ የሚያስተምረው ሥልጠና ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ጥያቄው በየጊዜው እንዲጠየቅ የሚያስገድድ አሠራር ያስፈልጋል።

በቲቢ ሕሙማን ላይ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት መሆኑን ያሳያል። በደቡብ ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ደረጃ የጤና ተቋማት ቲቢ እንዳለባቸው ገና የታወቁ 657 ሰዎችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ከተጠኑት ውስጥ 54 በመቶ ያህሉ በመጠይቁ ልኬት የድባቴ ምልክት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ቀጣዩ ክፍል እንዳመለከተው፣ ድባቴያቸው ሳይታከም የቀረ ሰዎች የቲቢ ሕክምናቸውን የማቋረጥ ዕድላቸው ዘጠኝ እጥፍ፣ የመሞት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። ይህ የተዛምዶ ግኝት ነው፤ ድባቴው ብቻውን ሞቱን አመጣው ለማለት አይበቃም። ይሁን እንጂ ያቋረጠ የቲቢ ሕመምተኛ ለቤተሰቡና ለጎረቤቱም ሥጋት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ዘጠኙ ጥያቄዎች

በዓለም ዙሪያና በአገራችን በብዛት የሚሠራበት የድባቴ መለያ «ፒ ኤች ኪው 9» የሚባለው መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ሁሉም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፤ ስለ ፍላጎት ማጣት፣ ስለ መከፋት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ራስ ግምት፣ ስለ ትኩረት፣ ስለ እንቅስቃሴ መቀዝቀዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ በመጨረሻም ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። በተለመደው አከፋፈል ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 19 ከመካከለኛ በላይ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ምልክት ተብሎ ይወሰዳል።

ሰልፉ በረዘመበት የክትትል ቀን ዘጠኙንም ለሁሉም መጠየቅ ካልተቻለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ቀድመው ይጠየቃሉ። በእነዚያ 3ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ወደ ቀሪዎቹ ይሻገራል። ዘጠነኛውን ጥያቄ በተመለከተ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ በዚህ ጥያቄ «አዎን» ያለ ሰው በዚያው ዕለት ባለሙያ ሊያነጋግረው ይገባል እንጂ «በሚቀጥለው ቀጠሮ» ተብሎ ሊሸኝ አይገባም።

መጠይቁ ከውጭ እንደ መጣ አልተወሰደም። የአማርኛው ቅጂ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ926 ሰዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የአፋን ኦሮሞው ቅጂም በጅማ አካባቢ በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተፈትሿል። ለዱከም፣ ለቢሾፍቱና ለአዳማ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሰው ገበያውን በሁለት ቋንቋ ቢገበይም የልቡን የሚናገረው በአፉ በፈታበት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ቅጂዎች በክትትል ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሊኖሩ ይገባል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በቅዱስ ጳውሎሱ ጥናት 10 ነጥብ እንደ ወሰን ሲያዝ፣ መጠይቁ ድባቴ ካለባቸው ሰዎች 86 በመቶውን ለይቷል፤ ድባቴ ከሌለባቸው ውስጥ ደግሞ 67 በመቶውን በትክክል ነጻ ብሏል። ይህን በምሳሌ እንመልከተው። ክትትል ካላቸው 100 ሰዎች መካከል 20ዎቹ ድባቴ አለባቸው ብለን እናስብ። መጠይቁ ከ20ዎቹ 17 ያህሉን ይይዛል፤ 3ቱ ያመልጡታል። ድባቴ ከሌለባቸው 80 ሰዎች ደግሞ 26 ያህሉን በስሕተት «ምልክት አለባቸው» ይላል። በድምሩ 43 ሰዎች ይለያሉ፤ በእርግጥ ድባቴ ያለባቸው ግን 17 ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ በመጠይቁ ነጥብ ብቻ መድኃኒት ማዘዝ ስሕተት ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ እጦትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከቲቢው፣ ከስኳሩ ወይም ከደም ማነስ ሊመጡ ይችላሉ። ሠልጥኖ የተመደበ ባለሙያ ቁጭ ብሎ አነጋግሮ ማረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ሦስቱ ያመለጡ ሰዎች አሁንም በመካከላችን አሉና አንድ ጊዜ ተጠይቆ «ምንም የለበትም» የተባለ ሰው ለሁልጊዜ ነጻ አይደለም። ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ፣ ሕክምናው ሲለወጥ፣ ቁጥሩ አልወርድ ሲል፣ ቀጠሮ ሲደጋገም ሲቀርና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ጥያቄው መደገሙ ይመከራል።

ከተለየ በኋላ ምን ይደረጋል?

ልየታን በሚመለከት በዓለም ላይ ክርክር አለ። የአሜሪካ የመከላከል ግብረ ኃይል በቂ ማረጋገጫና ሕክምና ባለበት ሁሉ አዋቂዎች እንዲለዩ ይመክራል፤ የካናዳው አቻው ደግሞ ለሁሉም ሰው በመጠይቅ መዞርን አይደግፍም። ሁለቱንም የሚያስማማው አንድ ነጥብ፣ ሕክምና ሳይዘጋጅ የሚደረግ ልየታ ለታማሚው ፋይዳ እንደሌለው ነው። «ሕመም አለብህ» ብሎ ምንም ሳይሰጡ መሸኘት ሸክም መጨመር ነው።

ሕክምናው እንደ ክብደቱ ይለያያል። ቀላል ምልክት ላለበት ሰው ስለ ሕመሙ ማስረዳት፣ ቤተሰቡን ፈቃዱን ጠይቆ ማሳተፍ፣ ትቶት የነበረውን ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ በትንሽ በትንሹ እንዲጀምር ማገዝ፣ ያስጨነቀውን ችግር ከፋፍሎ መፍትሔ መፈለግና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሶ ማየት ሊበቃ ይችላል። ከበድ ላለው እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ በአንድና በሁለት ቀን አይሠሩም፤ ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳሉ። ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት ይቀጥላሉ፤ በድንገት መቋረጥም የለባቸውም።

ክትትል ያለው ሰው ሌላ መድኃኒት የሚወስድ በመሆኑ ጥንቃቄው ይጨምራል። አሚትሪፕቲሊን የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የማይመች ነው፤ ለአረጋውያንም ጥንቃቄ ይሻል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የአንዳንድ መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳል። ኢፋቪሬንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቅዠትና የመከፋት ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የድባቴ ሕክምናና የሰውነት ሕክምና በአንድ ካርድ ላይ መጻፋቸው የግድ ነው።

በክትትል ክፍል ውስጥ የሚኖረው ሥርዓት

አሠራሩ በአምስት እርምጃ ሊጠቃለል ይችላል።

1. ግፊትና ክብደት የሚለካው ነርስ ሁለቱን መነሻ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ውጤቱን ከሌሎቹ ልኬቶች ጎን በካርዱ ላይ ይመዘግባል።
2. ምልክት የታየበት ሰው ሰልፉ ፊት ሳይሆን በር በተዘጋበት ክፍል ቀሪዎቹን ጥያቄዎች ይጠየቃል። ልጅ ወይም ጎረቤት አስተርጓሚ እንዲሆን አይደረግም።
3. የሠለጠነ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ያረጋግጣል፤ ደም ማነስን፣ የመጠጥ ችግርን፣ የቅርብ ኀዘንንና ቀድሞ የነበረ ከመጠን ያለፈ የደስታና የመፍጠን ጊዜን ይጠይቃል።
4. ሕክምናው እዚያው ይጀመራል፤ ከባዱ ወደ ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይላካል።
5. ቀጣዩ ቀጠሮ ከስኳሩ ወይም ከቲቢው ቀጠሮ ጋር በአንድ ቀን ይሆናል። የቀረውን ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤቱ ትጠይቀዋለች።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ሁለት ቀን ቀጠሮ ማለት ለአርሶ አደሩ ሁለት የሥራ ቀን፣ ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ሁለት የደመወዝ ቅነሳ ሊሆን ይችላል። የነርሷም ጫና መታሰብ አለበት፤ በቀን ብዙ ሰው የምታይ ባለሙያ አዲስ ሥራ ሲጨመርላት ጊዜና ደጋፊ ሊጨመርላት ይገባል።

ሸክሙን የሚያቀልል ልምድ ከአፍሪካ አለ። በደቡብ አፍሪካ ድባቴን የመለየትና የማከም ሥራ ለደም ግፊትና ለኤች አይ ቪ ታማሚዎች በሚሰጠው የጋራ ክትትል ውስጥ እንዲገባ ተሞክሯል። በዚምባብዌ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመሩት የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር፣ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ችግር መፍታትን ያማክራሉ። በሐራሬ በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ፣ ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የተማከሩት ሰዎች የድባቴ ምልክት ከሌሎቹ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ 40 በመቶ ገደማ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ነበሩ። ዕድር፣ ጽዋና የቡና ማኅበር ላለው አገር ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም።

አንባቢ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ክትትል ካለዎት ቀጠሮዎ ላይ እንቅልፍዎን፣ ስሜትዎንና የሥራ ፍላጎትዎን ባይጠየቁም ይናገሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ ይንገሩ። ጠበል የሚጠመቁ ወይም ዱዓ የሚያስደርጉ ከሆነ መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ እንጂ አያቋርጡ።

ቤተሰብዎ ውስጥ ክትትል ያለው ሰው ከገበያ፣ ከለቅሶና ከማሳ መሸሽ ከጀመረ፣ «ሰነፈ» ከማለት በፊት ቀርበው ይጠይቁት። ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያባብስም፤ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በአርሶ አደር ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካል ከመኖሪያ ክፍል ውጭ፣ በቁልፍ በተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉ በአንድ ኃላፊነት ባለው ሰው እጅ ይሁን። ለልጆችም ለከፋው ጎልማሳም የሚጠቅም ጥበቃ ነው።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ድባቴን ግን ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ታማሚው ብቻ አይደለም፤ የማይጠይቅ የክትትል ክፍልም አብሮ ይደብቀዋል። ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ግፊት ከመለካት አይበልጥም። የሚያተርፈው ደግሞ በስድስተኛው ወር የቲቢ መድኃኒቱን ጨርሶ ወደ ማሳው የሚመለስ ሰው ሊሆን ይችላል።